ድጋሚ ጨዋታና የደካማው ድርሻ፦ የእንግሊዝ ብሔራዊ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አደረጃጀት

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ዋንጫን (ኤፍ ኤ ካፕ) እንደ ማሳያ በመውሰድ፣ አንድ ብሔራዊ የጥሎ ማለፍ ውድድር በምን ዓይነት ደንቦች እንደሚዋቀርና ደንቦቹ በጠንካራና በደካማ ክለቦች መካከል ዕድልንና ገቢን እንዴት እንደሚያከፋፍሉ ይመረምራል። የትንተናው ማዕከል አቻ የወጣ ጨዋታ የሚዳኝበት ደንብ ነው። ድጋሚ ጨዋታ በውድድሩ መነሻ ዘመን ደካማውን ክለብ ከውድድር ያስወጣ ደንብ ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ለደካማው ክለብ ዋነኛ የገንዘብ ምንጭ ሆኗል። ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከአንደኛው ዙር አንሥቶ መቅረቱም ሰፊ ክርክር አስነሥቷል። ጽሑፉ የደንቡን ታሪክ፣ የአሸናፊነት ዕድል ስሌትንና የፈረንሳይንና የጀርመንን ተሞክሮ በማነጻጸር፣ የስፖርት ፍትሕና የገቢ ፍትሕ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የማይሄዱ መሆናቸውን ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ጥሎ ማለፍ፣ ማጣሪያ፣ ዕጣ፣ ድጋሚ ጨዋታ፣ የመለያ ምት፣ የገቢ ክፍፍል

(በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. መግቢያ

በመጋቢት ወር 1872 የግላስጎው ከተማ ክለብ የሆነው ኩዊንስ ፓርክ ለግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ወደ ለንደን ተጓዘ። ተጋጣሚው ዋንደረርስ የተባለ የለንደን ክለብ ነበር። ጨዋታው ያለ ግብ ተጠናቀቀ። ደንቡ የሚጠይቀው ድጋሚ ጨዋታ ቢሆንም፣ የስኮትላንዱ ክለብ በለንደን የሚቆይበትም ሆነ ዳግመኛ የሚመላለስበት ገንዘብ አልነበረውም። በመሆኑም ሳይሸነፍ ከውድድሩ ወጣ። ዋንደረርስ ወደ ፍጻሜ አልፎ፣ በኬኒንግተን ኦቫል ሜዳ ሮያል ኢንጂነርስን 1 ለ 0 በመርታት የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ።

ከ133 ዓመታት በኋላ፣ በጥር ወር 2005፣ በዚያው ውድድር ተቃራኒ ነገር ታየ። በዕዳ ተዘፍቆ የነበረውና ከአራቱ ከፍተኛ ዲቪዚዮኖች ውጪ ይጫወት የነበረው ኤክሰተር ሲቲ፣ በኦልድ ትራፎርድ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ያለ ግብ ተለያየ። ድጋሚው ጨዋታ በራሱ ሜዳ ተካሂዶ 2 ለ 0 ቢሸነፍም፣ ከሁለቱ ጨዋታዎች ያገኘው ገቢ ክለቡን ከዕዳ ጫና ለማላቀቅ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ1872 ደካማውን ያስወጣው ደንብ በ2005 ደካማውን አዳነ።

ይህ ተቃርኖ መልስ የሚሻ ጥያቄ ያስነሣል። አንድ የውድድር ደንብ ለደካማው ወገን ጠቃሚ ነው ወይም ጎጂ ነው የሚባለው በምን መለኪያ ነው? ጥያቄው የታሪክ ጉጉትን ለማርካት ብቻ የሚነሣ አይደለም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከአንደኛው ዙር አንሥቶ ድጋሚ ጨዋታ እንዲቀር ወስኗል። የዚህን ውሳኔ ትርጉም ለመረዳት ደንቡን ብቻውን ነጥሎ ማየት አይበቃም። ደንቡ ከመግቢያ ሥርዓቱ፣ ከዕጣው፣ ከሜዳ ምርጫውና ከገቢ ክፍፍሉ ጋር ያለውን ትስስር መመርመር ያስፈልጋል።

2. የውድድሩ መዋቅር፦ በየደረጃው የመግባት ሥርዓት

የጥሎ ማለፍ ውድድር መሠረታዊ ስሌት ቀላል ነው። እያንዳንዱ ግጥሚያ አንድ ክለብ ያስወጣል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረውም አንድ ክለብ ብቻ ነው። ስለዚህ የግጥሚያዎቹ ብዛት ከተመዘገቡት ክለቦች ብዛት በአንድ ያንሳል። በ2024/25 የተመዘገቡት ክለቦች 745 ነበሩ፤ አሸናፊውን ለመለየትም 744 ግጥሚያዎች አስፈለጉ። ሁሉም ክለብ ከሁሉም ጋር በሚገናኝበት የሊግ ሥርዓት ይህን ያህል ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን ማስተናገድ የማይታሰብ ነው። ጥሎ ማለፍ ለብሔራዊ ውድድር የተመቸበት አንዱ ምክንያት ይኸው ቁጠባው ነው።

ይሁን እንጂ 745 ክለቦችን በአንድ ቀን በአንድ ዕጣ ማገናኘት ሌላ ችግር ይፈጥራል። የውድድሩ አዘጋጆች ይህን የተረዱት ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት አሠርት ዓመታት ነው። በ1871/72 የተመዘገቡት ክለቦች 15 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ የአቅም ልዩነቱም ሰፋ። በጥቅምት ወር 1887 ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ ሃይድን 26 ለ 0 ማሸነፉ የልዩነቱን ስፋት የሚያሳይ፣ እስከ ዛሬም በውድድሩ ክብረ ወሰንነት የሚጠቀስ ውጤት ነው። በቀጣዩ የውድድር ዘመን፣ በ1888/89፣ የማጣሪያ ዙሮች ተጀመሩ። በ1925/26 ደግሞ የሁለቱ ከፍተኛ ዲቪዚዮኖች ክለቦች ከሦስተኛው ዙር፣ ቀጥሎ ያለው ዲቪዚዮን ክለቦች ከአንደኛው ዙር እንዲገቡ የሚያደርገው ሥርዓት ጸና። የአሁኑ መዋቅር የዚያ ቀጥተኛ ወራሽ ነው።

አሁን ባለው አደረጃጀት ውድድሩ 14 ዙሮች አሉት። ስድስቱ የማጣሪያ ዙሮች ሲሆኑ፣ ስምንቱ ዋናው ውድድር የሚባሉት ናቸው። ክለቦች የሚገቡት እንደ ሊግ ደረጃቸው ነው። የታችኛው እርከን ክለቦች በነሐሴ ወር ከመጀመሪያው የማጣሪያ ዙር ይነሣሉ። የናሽናል ሊግ ሰሜንና ደቡብ 48 ክለቦች በሁለተኛው ማጣሪያ 112 አላፊዎችን ተቀላቅለው 160 ይሆናሉ። ከእነዚህ 80 ያልፋሉ፤ በሦስተኛው ማጣሪያ ደግሞ 40 ይቀራሉ። በአራተኛው ማጣሪያ 24 የናሽናል ሊግ ክለቦች ሲጨመሩ ቁጥሩ 64 ይሆናል፤ የሚያልፉትም 32 ናቸው። በዋናው ውድድር አንደኛ ዙር የሊግ አንድና የሊግ ሁለት 48 ክለቦች ይገባሉ፤ በድምሩ 80። በሁለት ዙር ወደ 20 ከወረዱ በኋላ፣ የፕሪሚየር ሊግና የቻምፒዮንሺፕ 44 ክለቦች በጥር ወር በሦስተኛው ዙር ይቀላቀላሉ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር በትክክል 64 የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ያለ ተጨማሪ ገቢ ክለብ በግማሽ በግማሽ እየቀነሰ እስከ ዌምብሌዩ ፍጻሜ ይደርሳል።

መዋቅሩ በክፍልፋይ ስሌት ብቻ የተሠራ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ዋንጫውን ለማንሣት ስድስት ተጋጣሚዎችን ማለፍ ይበቃዋል። የሊግ ሁለት ክለብ ስምንት፣ የናሽናል ሊግ ክለብ ዘጠኝ፣ ከመጀመሪያው ማጣሪያ የሚነሣ ክለብ ደግሞ 14 ማለፍ ይኖርበታል። ልዩነቱን በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ክለብ በእያንዳንዱ ግጥሚያ የማለፍ ዕድሉ 80 በመቶ ነው ቢባል፣ ስድስት ጊዜ በተከታታይ የማለፍ ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ነው። በዚያው አቅም 14 ጊዜ የማለፍ ዕድሉ ግን ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ስሌቱ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ጥሎ ማለፍ ለጠንካራውም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። ሁለተኛ፣ በየደረጃው የመግባት ሥርዓት ለጠንካሮቹ የተሰጠ ግልጽ ቅድሚያ ነው። በምትኩ ትናንሾቹ ክለቦች እርስ በርሳቸው የሚገናኙባቸው፣ ማሸነፍ የሚችሉባቸውና የሽልማት ገንዘብ የሚያገኙባቸው ዙሮች ይኖሯቸዋል።

3. ዕጣ፣ ሜዳና ገቢ

በየደረጃው መግባት ለጠንካሮቹ የሰጠውን ቅድሚያ በከፊል የሚያካክሰው ዕጣው ነው። በዋናው ውድድር ዕጣ ክለቦች በጥንካሬ አይደለደሉም። የፕሪሚየር ሊጉ መሪና ከማጣሪያ የመጣ ክለብ በአንድ ማሰሮ ውስጥ ይገባሉ። ሁለት ኃያላን በሦስተኛው ዙር ተገናኝተው አንዳቸው በጊዜ ሊሰናበቱ ይችላሉ፤ ሁለት ትናንሽ ክለቦችም እርስ በርስ ተገናኝተው አንዳቸው ወደ ቀጣዩ ዙር ሊሻገሩ ይችላሉ። በማጣሪያ ዙሮች ግን የጉዞ ወጪን ለመቀነስ ዕጣው በአካባቢ የተከፋፈለ ነው። የዕጣ አወጣጡ ሥነ ሥርዓት ራሱ ከ1935 ጀምሮ በሬዲዮ መተላለፉ፣ ዕድል በዚህ ውድድር ውስጥ ምን ያህል ሕዝባዊ ትርጉም እንዳለው ያመለክታል።

ዕጣው ተጋጣሚን ብቻ ሳይሆን ሜዳንም ይወስናል። ስሙ ቀድሞ የወጣው ክለብ ባለሜዳ ይሆናል። ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ብቻ በገለልተኛ ሜዳ ይካሄዳሉ፤ ከ2008 ጀምሮ ሁለቱም የሚካሄዱት በዌምብሌይ ነው። እስከ ሩብ ፍጻሜ ድረስ ግን በሜዳ የመጫወት ጥቅም የዕጣ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ገቢ ነው። በሊግ ጨዋታ የመግቢያ ትኬት ገቢ የባለሜዳው ነው። በዋንጫው ግን በተለመደው አሠራር ከወጪ ቀሪ ገቢው ይከፋፈላል፤ 45 በመቶ ለባለሜዳው፣ 45 በመቶ ለእንግዳው፣ 10 በመቶ ደግሞ ለጋራ ቋት ይውላል። የዚህ ክፍፍል ውጤት ቀላል አይደለም። ሦስት ሺህ ተመልካች የሚይዝ ሜዳ ያለው ክለብ ከ67 ሺህ በላይ ተመልካች በተገኘበት በኦልድ ትራፎርድ ሲጫወት፣ ከዚያ ገቢ ከባለሜዳው እኩል ይካፈላል። በዚህ ምክንያት ለትንሽ ክለብ የዕጣ ምኞቱ የተከፈለ ነው። ተጫዋቾቹ የማሸነፍ ዕድላቸው ከፍ የሚልበትን የራሳቸውን ሜዳ ይመኛሉ፤ ሒሳብ ሹሙ ግን ታላቁን ስታዲየም ይመኛል።

ድጋሚ ጨዋታ ልዩ ቦታ የነበረው ለዚህ ነው። በታላቁ ስታዲየም አቻ የወጣ ትንሽ ክለብ የትልቁን ሜዳ ገቢ ከተካፈለ በኋላ፣ ተጋጣሚውን ደግሞ ወደ ራሱ ሜዳ ያመጣል። ጨዋታው በቴሌቪዥን ከተላለፈም ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል። በሌላ አነጋገር ድጋሚ ጨዋታ የተጫዋቹንና የሒሳብ ሹሙን ምኞት አጣምሮ የያዘ ብቸኛው ደንብ ነበር።

4. የድጋሚ ጨዋታ ታሪካዊ ጉዞ

ደንቡ ግን በዚህ ዓላማ አልተወለደም። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን አቻ የወጡ ክለቦች ጉዳይ ለአዘጋጅ ኮሚቴው ውሳኔ የተተወ ነበር። ለምሳሌ ዋንደረርስና ክሪስታል ፓላስ በሩብ ፍጻሜ ያለ ግብ ሲለያዩ ሁለቱም ወደ ቀጣዩ ዙር እንዲያልፉ ተፈቅዷል። ኩዊንስ ፓርክን የገጠመው ችግር ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሁለቱንም ማሳለፍ አይቻልም፤ ድጋሚ መጫወት ግድ ነበር። ያኔ ሜዳው በለንደን የተወሰነ በመሆኑ የጉዞው ሸክም በአንድ ወገን ላይ ብቻ ወደቀ። የደንቡ ጉዳት የመጣው ከድጋሚው ጨዋታ ሳይሆን ጉዞውን ማን እንደሚሸፍንና ሜዳው የት እንደሚሆን የሚወስን ተጓዳኝ ደንብ ካለመኖሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ድጋሚ ጨዋታ ገደብ አልነበረውም። አሸናፊ እስኪለይ መጫወት ነበር። በ1971 አልቭቸርችና ኦክስፎርድ ሲቲ በአራተኛው ማጣሪያ ስድስት ጊዜ ተገናኝተው፣ በድምሩ 11 ሰዓት ተጫውተው ነው የተለያዩት። እንዲህ ያለው አሠራር ቀስ በቀስ ተሸረሸረ። ከ1991/92 ጀምሮ የድጋሚ ጨዋታ ብዛት በአንድ ተወሰነ፤ በእርሱም ካልተለያዩ የመለያ ምት ተተካ። በግማሽ ፍጻሜ ለመጨረሻ ጊዜ ድጋሚ ጨዋታ የተደረገው በ1999 ነው። በፍጻሜ ደግሞ በ2005 አርሰናል ማንቸስተር ዩናይትድን በመለያ ምት ሲረታ፣ የዋንጫው ፍጻሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መንገድ ተወሰነ። በ2016/17 ከሩብ ፍጻሜ፣ በ2018/19 ከአምስተኛው ዙር ድጋሚ ጨዋታ ቀረ። በ2020/21 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በዋናው ውድድር ለጊዜው ታገደ። የ2024ቱ ውሳኔ እንግዲህ ድንገተኛ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የቆየ ሂደት መደምደሚያ ነው።

የሂደቱ አቅጣጫ ራሱ መልእክት አለው። ደንቡ የተነሣው መጀመሪያ ታላላቅ ክለቦች ከሚበዙባቸው የመጨረሻ ዙሮች ነው። ወደ ሦስተኛውና ወደ አራተኛው ዙር የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። ትንሽ ክለብ ከታላቅ ክለብ ጋር የሚገናኝበት አጋጣሚ በብዛት የሚገኘው በእነዚህ ሁለት ዙሮች ነው።

5. የ2024ቱ ለውጥ፦ ምን ተገኘ፣ ምን ታጣ

ለውሳኔው የቀረበው ምክንያት የጊዜ ሰሌዳ ነው። ከ2024/25 ጀምሮ የአውሮፓ ቻምፒዮንስ ሊግ አዲስ ቅርጽ ይዞ፣ አንድ ክለብ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያደርጋቸው ጨዋታዎች ከስድስት ወደ ስምንት ከፍ ብለዋል። በሳምንቱ መካከል ለድጋሚ ጨዋታ የሚውል ክፍት ቀን ጠፍቷል። በምትኩ ማኅበሩና ፕሪሚየር ሊጉ ለዋንጫው የተለዩ ቅዳሜና እሑዶች እንዲኖሩና ለታችኛው የእግር ኳስ እርከን የሚሰጠው ድጋፍ እንዲጨምር ተስማምተዋል።

ውሳኔው ሲገለጽ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያሉትን የሦስቱን ዲቪዚዮኖች 72 ክለቦች የሚያስተዳድረው የእንግሊዝ ፉትቦል ሊግ፣ ስምምነቱ የተደረሰው በማኅበሩና በፕሪሚየር ሊጉ መካከል ብቻ ነው ሲል ቅሬታውን አሰማ። ማኅበሩ በበኩሉ ጉዳዩ ከሚመለከታቸው ወገኖች ጋር ቀደም ሲል ውይይት የተደረገበት መሆኑን ገለጸ። ክርክሩ በአብዛኛው የቀረበው ‹‹ትናንሾቹ ክለቦች ዕድላቸውን ተነጠቁ›› በሚል አገላለጽ ነው። ‹‹ዕድል›› የሚለው ቃል ግን እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል፤ የማለፍ ዕድልንና የገቢ ዕድልን። ሁለቱ ተለይተው መታየት አለባቸው።

የማለፍ ዕድልን በተመለከተ አንድ ግምታዊ ምሳሌ ጉዳዩን ያብራራል። አንድ ትንሽ ክለብ በታላቅ ክለብ ሜዳ በ90 ደቂቃ የማሸነፍ ዕድሉ 10 በመቶ፣ አቻ የመውጣት ዕድሉ 20 በመቶ ነው እንበል። አቻ ሲወጣ በተጨማሪ 30 ደቂቃና በመለያ ምት የማለፍ ዕድሉ ደግሞ 40 በመቶ ይሁን። በአዲሱ ደንብ በጠቅላላ የማለፍ ዕድሉ 10 ሲደመር የ20 40 በመቶ፣ ማለትም 18 በመቶ ይሆናል። በቀድሞው ደንብ አቻ ሲወጣ ወደ ሜዳው ይመለሳል። በሜዳው የማሸነፍ ዕድሉ ወደ 15፣ አቻ የመውጣት ዕድሉ ወደ 25 በመቶ ከፍ ቢል እንኳ፣ ድጋሚውን የማለፍ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። በጠቅላላ የማለፍ ዕድሉም 10 ሲደመር የ20 25 በመቶ፣ ማለትም 15 በመቶ ይሆናል።

ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ግምቶች ናቸው፤ አመክንዮው ግን ከእነርሱ የሰፋ ነው። ጨዋታ በበዛ ቁጥር የአቅም ልዩነት እየጎላ ይሄዳል፤ ባነሰ ቁጥር የአጋጣሚ ድርሻ ይጨምራል። በዚህ መለኪያ የድጋሚ ጨዋታ መቅረት ትንሹን ክለብ ላይጎዳው፣ አንዳንዴም ሊጠቅመው ይችላል። በሜዳው ያለው ጥቅም እጅግ ከፍ ያለ ለሆነ ክለብ ግን ስሌቱ ሊገለበጥ ይችላል። በ2017 ሊንከን ሲቲ የናሽናል ሊግ ክለብ ሆኖ፣ በሦስተኛው ዙር በኢፕስዊች ታውን ሜዳ 2 ለ 2 ከተለያየ በኋላ በሜዳው 1 ለ 0 አሸንፎ አለፈ። በኋላም የፕሪሚየር ሊጉን በርንሌይን አስወጥቶ፣ ከ1914 ወዲህ ሩብ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው ከዋናዎቹ ሊጎች ውጪ ያለ ክለብ ሆነ።

የገቢ ዕድልን በተመለከተ ግን አሻሚ ነገር የለም። ድጋሚ ጨዋታ ሲቀር አንድ ሙሉ የመግቢያ ገቢና የቴሌቪዥን ክፍያ ይቀራል። ለታላቁ ክለብ ይህ ገቢ ከዓመታዊ በጀቱ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለትንሹ ክለብ ግን የሜዳ ጥገና፣ የወጣት ቡድን ወጪ ወይም እንደ ኤክሰተር የህልውና ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እርግጥ ይህ ገቢ በዕጣ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በጀት ሊያዝበት አይችልም፤ ከብዙ መቶ ክለቦች የሚደርሰውም ለጥቂቶች ነው። ይህን መነሻ አድርጎ ቋሚ ድጋፍ ከዕጣ ገቢ ይሻላል ብሎ መከራከር ይቻላል። ሆኖም ሁለቱ በባሕርይ ይለያያሉ። ከድጋሚ ጨዋታ የሚገኘው ገንዘብ ክለቡ በሜዳ ላይ ባስመዘገበው ውጤት ያገኘው መብቱ ነበር፤ ድጋፍ ግን በሌሎች ውሳኔ የሚሰጥና በሌሎች ውሳኔ ሊቀር የሚችል ነው።

የጊዜ ሰሌዳ ግፊት የውድድሩን መርሕ ሲፈታተን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1999/2000 ዋንጫውን ይዞ የነበረው ማንቸስተር ዩናይትድ በብራዚል በተዘጋጀው የዓለም ክለቦች ሻምፒዮና ለመሳተፍ ከውድድሩ ቀረ። የጎደለውን ቦታ ለመሙላት ከሁለተኛው ዙር ተሸናፊዎች መካከል በዕጣ ዳርሊንግተን ተመረጠ፤ በሦስተኛው ዙርም በአስቶን ቪላ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ‹‹የተሸነፈ ይወጣል›› የሚለው የጥሎ ማለፍ ብቸኛ ሕግ በሌላ ውድድር ቀን መቁጠሪያ ምክንያት ሲጣስ ታይቷል።

6. ንጽጽር፦ ፈረንሳይና ጀርመን

ድጋሚ ጨዋታ የሌላቸው ሌሎች ብሔራዊ ዋንጫዎች ትናንሽ ክለቦችን በሌላ መንገድ ይይዟቸዋል።

በ1917/18 የተጀመረው የፈረንሳይ ዋንጫ ከእንግሊዙም የሰፋ ነው። የሚመዘገቡት ክለቦች ከ7 ሺህ ይበልጣሉ፤ እንደ ሬዩኒየንና ማርቲኒክ ካሉ የባሕር ማዶ ግዛቶች የሚመጡ ክለቦችም ይሳተፋሉ። በዕጣው እንግዳ የሆነው ክለብ ከባለሜዳው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ እርከን ዝቅ ያለ ከሆነ ሜዳው ይገለበጥና ዝቅተኛው ባለሜዳ ይሆናል። ከ2020/21 ጀምሮ ደግሞ ከፍጻሜው በስተቀር ተጨማሪ ሰዓት ቀርቶ፣ 90 ደቂቃው እንዳለቀ በቀጥታ ወደ መለያ ምት ይገባል። ሁለቱም ደንቦች የዝቅተኛውን ክለብ የማለፍ ዕድል ይጨምራሉ። በ2000 ከአራተኛው እርከን የመጣው ካሌ እስከ ፍጻሜ ደርሶ በናንት 2 ለ 1 መሸነፉ፣ የዚህ ውድድር በር ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ያሳያል።

የጀርመን ዋንጫ ሌላ መንገድ መርጧል። ዋናው ውድድር በ64 ክለቦች ይጀመራል። በመጀመሪያው ዙር ዕጣው ከሁለት ማሰሮዎች ይወጣል፤ በአንዱ የፕሮፌሽናል ሊጎች ክለቦች፣ በሌላው በአመዛኙ የአማተር ክለቦች ይገባሉ። አማተሮቹ ከፕሮፌሽናሎቹ ጋር በራሳቸው ሜዳ እንዲጫወቱ ይደረጋል። እንግሊዝ ለዕጣ የተወችውን፣ የትንሹንና የትልቁን መገናኘት፣ ጀርመን በደንብ አስገድዳዋለች። በ2019/20 ዛርብሩከን ከአራተኛው እርከን ተነሥቶ፣ በሩብ ፍጻሜ ባለሜዳ ሆኖ ፎርቱና ዱሰልዶርፍን በመለያ ምት በማስወጣት፣ ከዚያ እርከን ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው ክለብ ሆኗል።

ሁለቱም ሥርዓቶች የስፖርት ፍትሕን ያስቀድማሉ። ነገር ግን ትንሹን ክለብ ባለሜዳ ማድረግ ከታላቁ ስታዲየም ገቢ ያርቀዋል። የእንግሊዙ ግልጽ ዕጣ በአንጻሩ ትንሹን ወደ ታላቁ ስታዲየም ሊወስደው ይችላል፤ የማለፍ ዕድሉን ግን ያጠበዋል። እንግዲህ ሁለቱን ጥቅሞች በአንድ ጨዋታ ማግኘት አይቻልም። የሚቻለው ሁለት ጨዋታ ሲኖር ብቻ ነበር።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ ትንተና ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ድጋሚ ጨዋታ በራሱ ለደካማው ጠቃሚ ወይም ጎጂ አልነበረም። ኩዊንስ ፓርክን ያስወጣውና ኤክሰተርን የታደገው ደንብ በይዘቱ አንድ ነው፤ የተለወጡት ተጓዳኞቹ፣ ማለትም የሜዳ መቀያየርና የገቢ ክፍፍል ናቸው። የውድድር ደንቦች እንደ ሥርዓት እንጂ ተነጣጥለው ሊመዘኑ አይገባም።

ሁለተኛ፣ የ2024ቱ ለውጥ የትንሹን ክለብ የማለፍ ዕድል አጥብቧል የሚለው ክርክር ጠንካራ አይደለም። የገቢ መብቱን ቀንሷል የሚለው ግን ጠንካራ ነው። ክርክሩ ሁለቱን ሲያደባልቅ ለውጡን የሚደግፉ ወገኖች የመጀመሪያውን በቀላሉ በማፍረስ ሁለተኛውንም የመለሱ እንዲመስል ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ የሚያዘጋጅ ማንኛውም ብሔራዊ ፌዴሬሽን አራት ጥያቄዎችን አብሮ መመለስ ይኖርበታል። ማን በየትኛው ዙር ይገባል? ማን በማን ሜዳ ይጫወታል? አቻ ሲሆኑ በምን ይለያያሉ? ገቢው እንዴት ይከፈላል? የአንዱ ጥያቄ መልስ ሲለወጥ የሌሎቹም ሚዛን ይናጋል። እንግሊዝ የሦስተኛውን መልስ ለውጣለች። የለውጡን ጉዳት ለማካካስ ከፈለገች አማራጮች አሏት፤ ለምሳሌ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ እርከን ዝቅ ያለ ክለብ ከታላቅ ክለብ ጋር ሲገናኝ ከወጪ ቀሪ ገቢው የሚደርሰው ድርሻ ከ45 በመቶ ከፍ እንዲል ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ያለ ደንብ የማንንም የጊዜ ሰሌዳ አያጣብብም፤ ተጨማሪ ጨዋታም አይጠይቅም። ገቢውንም ከልግስና አውጥቶ በሜዳ ወደሚገኝ መብት ይመልሰዋል።

የመጀመሪያው ውድድር 15 ክለቦች ነበሩት፤ ከእነርሱም አንዱ ሳይሸነፍ በገንዘብ እጦት ወጣ። ዛሬ ተሳታፊዎቹ ከ700 በላይ ናቸው። ውድድሩ ‹‹ብሔራዊ›› የሚለውን ስም የሚይዘው በተሳታፊዎቹ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ወደ ውድድሩ የገባ ክለብ ሁሉ በውጤቱ እንጂ በኪሱ እንዳይወጣ በሚያደርጉ ደንቦቹም ነው።